ዳቦውን ተቀብሎ ተረቱን ያቋረጠ

በዚህ ዓምድ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ዕድርና ስለ ቤት ኪራይ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ጥቂት ዘወር እንበልና ስለ ቴሌቪዥን እናውራ። «ብሎ ብሎ ቴሌቪዥን!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የፊርማ፣ የሰልፍና የደብዳቤ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ እኛን የሚያህል የለም ብለን የምንኩራራ ሰዎች ነን።

በአገራችን ወግ ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ይህ ውል ነው። እነርሱ ሊያዳምጡ፣ እርሱ ሊጨርስ ተዋዋሉ ማለት ነው። ዳቦውን የሚጠይቀውም ተረቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። የዘመኑ ተራቾች ግን፣ ትልልቆቹን የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ማለቴ ነው፣ ዳቦውን በየወሩ አስቀድመው ይቀበሉና ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ «በሉ ደህና እደሩ» ብለው መብራቱን ያጠፋሉ።

«ዘ ዊል ኦቭ ታይም» የተባለውን ተከታታይ ውሰዱ። ጠንቋይ፣ ጭራቅ፣ ትንቢትና ሰይፍ ያለበት ረጅም ተረት ነው። ሮበርት ጆርዳን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጣው በ1990 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሳይጨርሰው በ2007 አረፈ። ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ሌላ ደራሲ ሟቹ የተወውን ማስታወሻ ተከትሎ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥራዞች ጻፈና 14ኛው መጽሐፍ በ2013 ወጣ። አማዞን ታሪኩን በ2021 ወደ ቴሌቪዥን አመጣው። በሦስት ምዕራፍ 24 ክፍል አሳየ። ሦስተኛው ምዕራፍ ከሃያስያን ብዙ ምስጋና አግኝቶ በኤፕሪል 2025 ተጠናቀቀ፤ በሜይ ደግሞ ሥራው ተቋርጧል ተባለ። የተወራው ምክንያት የተመልካቹ ብዛት ከወጪው ጋር አልመጣጠን ማለቱ ነው። ታሪኩ ገና አራተኛው መጽሐፍ አካባቢ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሞት ያላቋረጠውን ተረት ሒሳብ ሠራተኛ አቋረጠው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ነው። የወዳጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አንድ እሑድ ምግብ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኳን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ሰውን ታስፈርማለች። «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ፤ ከ100,000 ሰው በላይ ፈርሟል» አለችኝ። አባቷ አፈረ። «ተይ እንግዲህ፣ ሰው አታስቸግሪ» ብሎ ተቆጣት። አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት ደግሞ ስንት የሚፈረምለት ነገር እያለ ለፊልም መፈረም ቅብጠት መሆኑን በትሕትና አስረዷት። ልጅቷ ግን አልተበገረችም። በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «አባባ፣ እርስዎ የሚወዱት ታሪክ መሐል ላይ ቆሞብዎት አያውቅም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ምን ብለን እንመልስ? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጆሯችንን ደቅነን የሰማን ሰዎች ነን። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን እንደሆኑ ሳይነገረን ሬዲዮው በዚያው ጸጥ ቢል ኖሮ ምን እንል ነበር? እኔ ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ። አገር ቤት ሳለሁ እሠራበት የነበረ ጋዜጣ ሲዘጋ በየሳምንቱ የምናወጣው ተከታታይ ልብ ወለድ ነበረን። ርእሰ አንቀጾቻችንን እንዴት አምጠን እንጽፋቸው እንደነበር እኛ ነን የምናውቀው። ከተዘጋ በኋላ መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ርእሰ አንቀጽ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አንዲት ሻይ ቤት የነበረቻቸው ሴት ናቸው እጄን ይዘው «ለመሆኑ ልጅቷ አገባችው?» ያሉኝ። አላወቅሁም። ደራሲው ቀጣዩን ክፍል ገና አልሰጠንም ነበር።

ስለዚህ ፈረምኩላት። ሆኖም የፊርማ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለምና፣ ፊርማ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ስለማውቅ፣ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ዘመቻ ያደረጉ ሰዎች ምን እንደሠሩ ላጠናላት ቃል ገባሁ። ያገኘሁት ነገር ለእኛም ለትልልቆቹ የሚጠቅም ሆነብኝ።

የነገሩ ሁሉ አባት የ1968ቱ ነው። «ስታር ትሬክ» የተባለው፣ በጠፈር መርከብ የሚጓዙ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳየው ዝግጅት፣ በኤን ቢ ሲ ጣቢያ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ሳለ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። (ለማያውቁት፦ በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት በመርከቡ ላይ መኮንን ሆና የታየችበት ዝግጅት ነው፤ ኡሁራ የሚለው ስሟም በስዋሂሊ ነጻነት ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው።) ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴትና ባለቤቷ ጆን ይህን ሰምተው ቁጭ አላሉም። የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆችን አድራሻ አሰባስበው ደብዳቤ በተኑ። ያወጡት ደንብ ቀላል ነበር፦ አንተ ጻፍ፣ ለዐሥር ሰው ንገር፣ እያንዳንዱም ለዐሥር ይንገር። አንድ ዓይነት ጽሑፍ አባዝቶ መላክ ግን አይፈለግም፤ ሁሉም በራሱ ቃል፣ በጨዋ ደንብ መጻፍ አለበት።

ይህቺን ነገር አስምሩባት። እኛ አንዱ ያረቀቀውን ደብዳቤ 500 ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርገን ለባለሥልጣን ቢሮ ስንልክ ኖረናል። ተቀባዩ ግን የሚቆጥረው እንደ አንድ ደብዳቤ ነው። በራሷ እጅ «ልጄ በዚህ ዝግጅት ምክንያት መሐንዲስ መሆን ይፈልጋል» ብላ የጻፈች እናት ግን ራሷን የቻለች አንድ ሰው ናት። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ኒልሰን የተባለው ድርጅት ጥቂት ቤቶችን መርጦ ምን እንደሚያዩ ይመዘግብና ከዚያ ተነሥቶ የአገሩን ተመልካች ሁሉ ይገምት ነበር። ያልተመረጠ ቤት ቢያይም ባያይም እንዳልነበረ ነው። ደብዳቤው ያላስቆጠራቸውን ሰዎች አስቆጠራቸው።

ከዲሴምበር 1967 እስከ ማርች 1968 ድረስ ወደ 116,000 የሚጠጋ ደብዳቤ ለጣቢያው ደረሰ። ካልቴክ የሚባለው የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ200 በላይ ሆነው በጃንዋሪ 1968 በርባንክ ወደሚገኘው ስቱዲዮ ሰልፍ ወጡ። ማርች 1 ቀን 1968 ጣቢያው የዕለቱን ክፍል አሳይቶ ሲጨርስ፣ «ዝግጅቱ ይቀጥላል፤ እባካችሁ ከእንግዲህ አትጻፉ» የሚል መንፈስ ያለው ማስታወቂያ በአየር ላይ አሰማ። ሕዝቡም ለምስጋና እንደገና ያን ያህል ደብዳቤ ጻፈ! የፖስታ ቤቱን ሠራተኞች እግዜር ይርዳቸው።

ድሉ ግን ድል ብቻ አልነበረም። ጣቢያው ዝግጅቱን ወደ ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ወረወረው፤ ዓርብ ማታ ወጣት ቤቱ የሚቀመጥበት ሰዓት አይደለም። በጀቱም ተቀነሰ። በ1969 ዝግጅቱ ተዘጋ። «ታዲያ ምን ተረፋቸው?» ትሉ ይሆናል። የተረፋቸው አንድ ዓመት ነው። በዚያች ዓመት የተሠሩት ክፍሎች ተጨምረው 79 ስለሞሉ ለየከተማው ጣቢያ ለድጋሚ ማሳያ ለመሸጥ በቃ። በ1970ዎቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያዩት ጀመር፣ ወዳጁ ከበፊቱ በለጠ፣ በ1979 ፊልም ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። በነገራችን ላይ በ1976 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር «ኢንተርፕራይዝ» ብሎ የሰየመው እነዚሁ ሰዎች በደብዳቤ ስለወተወቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ብዘረዝር ጋዜጣው አይበቃኝም። ግን የኦቾሎኒዋን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2007 ሲ ቢ ኤስ «ጄሪኮ» የሚባል ተከታታይ አቋረጠ። በመጨረሻው ክፍል ጀግናው እጅህን ስጥ ሲባል «ነትስ» ብሎ መልሶ ነበር። ቃሉ በ1944 ባስቶን ላይ አንድ የአሜሪካ ጄኔራል ለጀርመኖች የሰጠው መልስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ለውዝ ማለትም ነው፣ «ወግድልኝ» እንደማለትም ነው። ተመልካቾቹ ይህን ይዘው ወደ 20 ቶን የሚሆን ኦቾሎኒ ለጣቢያው ቢሮ ላኩ። ቢሮው በኦቾሎኒ ተጥለቀለቀ፤ ኃላፊዋ ሰባት ክፍል እንደሚሠራ አስታውቃ ኦቾሎኒ መላኩን ተዉን ብላ ለመነች። ሰባቱ ክፍሎች በ2008 ታዩና ዝግጅቱ እንደገና ተቋረጠ። ሳቅ አስቂኝ ነው፣ ጋዜጣም ይጽፍለታል፤ ግን ጣቢያው የሚሸጠው የተመልካች ቁጥር ነውና ኦቾሎኒ ቁጥር አይሆንም። በዚያው በ2008 ደግሞ «ሙንላይት» የሚባለውን ደም መጣጭ መርማሪ ያለበትን ተከታታይ ለማትረፍ ወዳጆቹ ለቀይ መስቀል ደም ለገሱ። ዝግጅቱ አልተረፈም። ከዘመቻዎቹ ሁሉ እኔ የወደድኩት ግን ይህን ነው፤ ፊልሙ ቢቀርም ደሙ ለሕመምተኛ ደርሷል።

በቅርብ ጊዜ ከተሳካላቸው አንዱን ስሙን ስጠራ እናቶች እንዳይደነግጡ፦ «ሉሲፈር» ይባላል። ሰይጣን ሲኦል ሰለቸኝ ብሎ ሎስ አንጀለስ መጥቶ የምሽት ክበብ ከፍቶ ፖሊስ ሲያግዝ የሚያሳይ ነው። ፎክስ በሜይ 11 ቀን 2018 ሲያቋርጠው የዓለም ወጣት «ሉሲፈርን አድኑ» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ መፈክር ይዞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለፍ ያስፈራል! ነገር ግን ጁን 15 ላይ ኔትፍሊክስ ገዛው፤ እስከ 2021 ድረስ ሦስት ተጨማሪ ምዕራፍ ተሠርቶለት በወጉ አለቀ።

ለምን ይሄኛው ተሳካ? ጩኸቱ ብቻ አይደለም። ያቋረጠው ፎክስ ነው፤ ሥራውን የሚያመርተው ግን ዋርነር ብራዘርስ ነበር። ስለዚህ አንዱ በር ሲዘጋ ባለንብረቱ ሌላ በር ማንኳኳት ይችላል። ጩኸቱም ለፎክስ ሳይሆን ለአዲሱ ገዥ «ይኸው ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቅሃል» የሚል ማስታወቂያ ሆነለት። በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በሌላውም አገር ብዙ ተመልካች ስለነበረው በብዙ አገር ለሚሠራ ኩባንያ ይህ ገንዘብ ነው። ተረት የሚያሳየው ኩባንያ ራሱ ብቻውን ባለቤት ሲሆን ግን ከማን ዘንድ ይኬዳል? ገዳዩም ዳኛውም አንድ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዘመቻ የሚሰናከለው፤ ቁጣውን ሁሉ «አይሆንም» ባለው ሰው ደጃፍ ያፈሰዋል፣ «እሺ» ሊል የሚችለውን ሰው ግን አያውቀውም።

ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት። «ዘ ዊል ኦቭ ታይም»ን ከአማዞን ጋር ያመረተው የሶኒ ቴሌቪዥን ክፍል ነው፤ እንግዲህ የምትጽፊው ለሁለቱም ነው፣ ለአንዱ በቁጣ ሳይሆን ለሌላው በጥያቄ አልኳት። ልመናዋንም እንድታሳንሰው መከርኳት። አሥር መጽሐፍ የቀረው ታሪክ ሁሉ ይሠራ ማለት ብዙ ሚሊዮን ዶላር አምጡ ማለት ነው። በጁን 2017 ኔትፍሊክስ «ሴንስ ኤይት»ን ሲያቋርጥ (ናይሮቢ ድረስ ሄደው የቀረጹት ነው) ተመልካቹ አምርሮ ተቃወመ፤ ያገኘው ግን ሌላ ምዕራፍ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ የወጣች የሁለት ሰዓት ተኩል ማሳረጊያ ናት። ብዙዎቹ ያለቀሱትም ለዚያችው ነበር፤ ምን እንደሆኑ አወቁ።

ልጅቷ መጀመሪያ ቅር አላት። «ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት አይበቃም፤ ስንት ሰው ነው ያለበት!» አለች። ከዚያ ግን ብዕር አወጣች። በስልክ ሳይሆን በእጅ ጽሑፍ፣ በራሷ ቃል፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሆነባት እየዘረዘረች ሁለት ገጽ ጻፈች። የትምህርት ቤት ጓደኞቿንም ዐሥር ሆነው እንዲጽፉ አስማምታለች። ዐሥራ አንደኛው ደብዳቤ የእኔ ነው፤ ምንም እንኳ ከ24ቱ ክፍል ያየሁት አራቱን ብቻ ቢሆን፣ ያቺ የሻይ ቤት ባለቤት የጠየቁኝን ጥያቄ ጽፌበታለሁ። ቴምብሩን አባቷ ገዝቷል።