በጉ ጭዱን ለምን ይተወዋል?





ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሲታ በግ ገዝቶ፥ በግቢ አስሮ፥ ለፋሲካ ማድለብ በአዲስ ከተማ ሰፈራችን የቆየ ልማድ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለዓረፋ እንዲሁ ያደርጋሉ። በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው በበዓል ዋዜማ ከሚመጣው የዋጋ ጭማሪ ማምለጫ ስለ ሆነ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በጎረቤቶቼ ግቢ እንዳየሁት፥ በራሴም እንደ ደረሰብኝ፥ በጉ 55 ቀን ተቀልቦ እምብዛም ሳይጨምር ይታረዳል። ያን ጊዜ በዘሩ ወይም በሻጩ እናሳብባለን። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የቀላቢዎቹ ነው።

እኔ የገዛሁት የመንዝ በግ ሲሆን በመንጠልጠያ ሚዛን ባስመዝነው 20 ኪሎ ሆነ። ከፊቱ የጤፍ ጭድ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ባስመዝነው ግን 19 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት፤ ጭዱም እንደ ተከመረ ነው። ባለቤቴ «ይህስ በግ ከእኛ ጋር ጾም ይዟል» ብላ ቀለደችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበግ ሆድ አራት ክፍል አለው። በትልቁ ክፍል ውስጥ ጭዱንና ሣሩን የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ናቸው። እነርሱም በበኩላቸው ምግብ ይሻሉ፤ ይኸውም ፕሮቲን ነው። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ ካነሰ ይደክማሉ። የጤፍ ጭድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የበላው ጭድ ሳይፈርስ በሆዱ ተኝቶ ይከርማል፤ በጉም ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይራባል። አብዛኞቻችን ሥጋውን የማንቀርበው ዐሣማና የምንወዳት ዶሮ ከዚህ የተለዩ ናቸው። ሆዳቸው እንደ በጉ ባለ አራት ክፍል ስላልሆነ፥ መኖው ኃይል ቢያንሰው አብዝተው በመብላት ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራሉ። ጭድ የሚበላ በግ ግን መኖው በደኸየ ቁጥር የሚበላው ያንሳል።

ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅዬ፥ ጥቂት በጥቂት አስለምጄ፥ በቀን እስከ 300 ግራም ብሰጠው ጭዱንም ጨምሮ ይበላ ጀመር። በቀሩት 34 ቀኖች 21 ኪሎ ተኩል ደረሰ። ይህም በቀን ከ70 ግራም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በሁለት ወር እጥፍ ይሆንልኛል ብሎ በግ የሚገዛ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሌላም ስሕተት እንሠራለን። በማታ አንድ ጊዜ ውኃ አሳይተን እንመለሳለን፤ ውኃ ያጣ እንስሳ ደግሞ መኖ አይበላም። በቀትር ከቆርቆሮ ሥር እናስረዋለን። ላብ የማያልበው ዐሣማ ሙቀት ሲበዛ መኖውን እንደሚቀንስ አርቢዎቹ በሚገባ ያውቃሉ፤ በጉም ከሙቀት ነጻ አይደለም። የሆድ ትል መድኃኒት ሳንሰጠው ትሉን እንቀልባለን። በበዓሉ ሳምንት ደግሞ ጸጸት ይይዘንና ስንዴ በቁና እንሰፍርለታለን። ያልለመደው እህል በሆዱ ኮምጥጦ ብዙ በግ ከቢላዋ በፊት ገድሏል።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ። መርካቶ ከገዛሁት ፉርሽካ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውኃ በጥብጬ ለተማሪዎቼ ባሳያቸው አሸዋው ከሥር ዘቀጠ። በጆንያው ላይ አንድም ጽሑፍ አልነበረበትም። የፋጉሎው ነገር ከዚህ ይከፋል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የወተት ላሞች መኖ ላይ ተደርጎ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት፥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በኑግ ፋጉሎ ላይ እንደሚበረታና በወተቱም ውስጥ እንደተገኘ አሳይቷል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ የእንስሳውን የመብላት ፍላጎትና ዕድገት ይቀንሳል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ሕግ የለም እንዳንል የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። የምለምነው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እስከ ትንሿ የመርካቶ መደብ ድረስ ወርዶ፥ ሻጩ የመኖውን ዓይነት፥ ክብደቱንና የተዘጋጀበትን ወር በጆንያው ላይ እንዲጽፍ፥ ፋጉሎውንም ከእርጥበት ርቆ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ እንዲያስቀምጥ እንዲያደርግልን ነው። እስከዚያው ድረስ ፉርሽካ ስትገዙ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ መምህር
ከአዲስ ከተማ