መሣሪያ ሰውን ታማኝ ያደርገዋልን?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በያዝነው ዘመን የሰው ልጅ በሠራቸው መሣሪያዎች ብዙ ድካም ቀሎለታል። አሁን ደግሞ ጠባዩንም እንዲያቃኑለት ይጠብቃል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሩቅ አይደለም፤ የራሳችን ብሔራዊ ፈተና ነው።

በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ተሰረዘ። እንደገና ሲሰጥም መንግሥት ማኅበራዊ መገናኛዎችን ዘጋ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ስልክ ተከልክለውና ተፈትሸው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተፈተኑ። ከእነርሱም 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር ተፈተነ።

ይህን ጥበቃ እኔ አልነቅፍም። ከወግዲ ወይም ከሳይንት ገጠር መጥቶ፥ መካነ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን እየቆጠበ የሚያጠና ልጅ ቦታውን በኮራጅ ሊነጠቅ አይገባውም።

ነገር ግን መጠበቅና ማስተማር ልዩ ልዩ ናቸው። መፈተሻው የሚያገኘው በኪስ ያለውን ስልክ እንጂ በልብ ያለውን አሳብ አይደለም። ኮራጁ ነገ ገንዘብ ያዥ ወይም መድኃኒት ዐዳይ ቢሆን ማን ይፈትሸዋል?

አባቶቻችንም ሌባ ሻይ የሚባል ዘዴ ነበራቸው። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባል ነበር። በዚህም ንጹሕ ሰው ይወነጀል ነበር። ልማዱ ቀረ፤ ሌብነት ግን አልቀረም።

አንዳንዶች፥ «ሳይኮርጅ የቆየ ሰው አለመኮረጅን ይለምደዋል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ታማኝነትን የሚለምደው ማጥፋት እየቻለ ሳያጠፋ ሲቀር ነው። የታሰረ በሬ የሰው አዝመራ አልበላም ተብሎ ይመሰገናልን?

ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት፥ ትልቁ ፈተና በመሣሪያ ይጠበቅ። በየትምህርት ቤታችን ግን በወር አንድ አጭር ፈተና ያለ ጠባቂ ይሰጥ፤ መምህሩ ወረቀቱን አድሎ ይውጣ። ነጥቡ ጥቂት ቢሆንም ይያዝ፤ ካልተያዘ የሚፈትነን ነገር የለምና። በመጀመሪያ የሚኮርጅ አይጠፋም፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው፤ ትርፉም ተማሪው ራሱን ማወቁ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ስንት እንዳመጣ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳመጣውም ጠይቁት። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እኛም መፈተሻ በሌለበት ቀን ማን እንደምንሆን ከአሁኑ እንወስን።