ሕፃን የሚውልበት ቤት

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከመካከላችሁ ማልዶ የመነሣት ልማድ ያለው ቢኖር አንድ ነገር እንዲያደርግልኝ እለምነዋለሁ። በደቡብ ጎንደር በአንበሳሜ፣ ወይም ወደ ፎገራ ሜዳ ወረድ ብሎ በወረታ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ ሠፈር ጥግ ቆም ብሎ እናቶች ወዴት እንደሚሄዱ ይመልከት። መምህርቷ፣ ነርሷ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከየደጃቸው ይወጣሉ፤ ሁለት ሦስት አጥር አልፈው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይገባሉ፤ ከዚያ ሲወጡ ግን እጃቸው ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ያያሉ፣ ከዚያም ወደ ሥራቸው ይፈጥናሉ። ያ ደጅ የሕፃናት ማቆያ የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት አይደለም። የጎረቤት ቤት ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግሁት ስለዚህ ቤት ነው። ማን ያየዋል? ማንስ ሊያየው ይገባል?

ነገሩን ከሒሳቡ እንጀምረው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጠ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ይህንኑ ቍጥር ያዘ። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። እንግዲህ በሦስት ወርና በስድስት ወር መካከል ያለው ጊዜ የማን ነው? ያው የ2010 አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በአዲስ አበባ ይህን የፈጸሙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ሊመሰገኑም ይገባል። ነገር ግን ሦስት ጸሐፊዎች በአንድ ጠረጴዛ በሚሠሩበት የገጠር ከተማ ቢሮ የሕፃን መኝታ ክፍል ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ያ ጊዜ የጎረቤቲቱ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታረማል፤ አረሙ በእጅ የሚነቀል ነውና ውሃ ባቆረ ማሳ ውስጥ ሕፃን አዝላ ውላ የምታጎነብስ እናት አሳዛኝ ናት። እርሷም ብትሆን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች።

ጎረቤቲቱን ለመክሰስ አልተነሣሁም። ድሮ ልጅ መያዝ የጉርብትና ወግ እንጂ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ አልነበረም። ዛሬ ግን በወር የሚከፈላት ሴት አለች፤ ቢከፈላትም አይገርምም፣ ጉልበቷ ነው፣ ቀኗ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዝናዋ ሲወጣ ነው። አንድ ልጅ ይዛ የጀመረች ሴት በዓመቱ አምስት ስድስት ልጆች ይዛ ትገኛለች፤ ቤቱ ግን ያው የድሮው ቤት ነው።

እስቲ ወደዚያ ቤት በአሳብ እንግባ። የማንም ቤት አይደለም፣ የሁላችንም ቤት ነው። ከደጃፉ በስተ ግራ ውሃ የተሞላ በርሜል፣ ከበርሜሉ አጠገብ ግማሽ የሆነ ባልዲ አለ። በርሜሉ ብዙ አያሳስበኝም፤ ባልዲው ግን ያሳስበኛል። መዳህ የጀመረ ሕፃን ራሱ ለአካሉ ይከብዳልና ወደ ባልዲው አጎንብሶ ከወደቀ ተመልሶ ቀና ማለት አይችልም፤ ጥቂት ጣት የሚያህል ውሃ ይበቃዋል። ሕፃን ሲሰምጥ ይጮኻል የሚለው የብዙ ሰው ግምትም ስሕተት ነው፤ ድምፅ ሳይሰማ ያልቃል። ወደ ውስጥ ስንገባ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ፣ በላዩም ጀበና ተጥዶ እናገኛለን። የጀበና ቃጠሎ የማያውቅ ቤት የለም። በብርድ ጊዜ ግን ከዚህ የሚብስ አለ፤ ሕፃናቱ እንዳይበርዳቸው ተብሎ በርና መስኮት ሲዘጋ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ አይታይም፣ አይሸትምም፤ የተኛውን ሰው እንደ ተኛ ያስቀረዋል። ከአልጋው ሥር በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና አለ። ባለቤቷ ገበሬ ከሆነ ደግሞ የአረም መድኃኒትም ከአንዱ ጥግ አይጠፋም። ፎገራ ሜዳ የወባ አገር ነውና ሕፃናቱ ቀን የሚተኙበት ላይ አጎበር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከነዚህ ሁሉ አንዱም የክፋት ምልክት አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። ነገር ግን ልጅ አንድ ሲሆን ዓይን ይከተለዋል፤ ስድስት ሲሆኑ ዓይን አይበቃም።

ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጡ አገሮች ሕጋቸው ረጅም ነው። እኔ ግን ሳነበው ብዙው ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል፤ እሳት ቢነሣ አንዲት ሴት በሁለት ክንዷ ስንት ሕፃን ይዛ ትወጣለች? በእንግሊዝ አገር በቤቷ ልጅ የምትጠብቅ ሴት በተለምዶ ከስምንት ዓመት በታች ከሆኑ ከስድስት ልጆች በላይ መያዝ አይፈቀድላትም፤ ከስድስቱም ትምህርት ቤት ያልደረሱት ከሦስት፣ ዓመት ያልሞላው ከአንድ መብለጥ የለበትም። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያም ይህን ሥራ በቤታቸው ይዘው የሚተዳደሩ የአገራችን ሴቶች አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የተባለችው ከተማ ባለችበት በሜሪላንድ ግዛት በተለመደው የመኖሪያ ቤት ማቆያ የሚጠበቁት ልጆች ከስምንት እንዳይበልጡ፣ ረዳት ከሌለ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ከሁለት እንዳያልፉ ተደንግጓል። ሁለት ሕፃን፣ ሁለት ክንድ። ለዚህ ሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንበሳሜም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ የሰው ክንድ ሁለት ነው።

በእኛስ አገር? ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። በዚያ ግርግር መካከል ማን ልብ ብሎት እንደ ነበር እንጃ፤ ሆኖም የስምምነቱ አንቀጽ 3 ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋሞችና አገልግሎቶች በደኅንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞቻቸው ቍጥርና ብቃት፣ እንዲሁም በቍጥጥር ረገድ የተወሰነላቸውን ደረጃ እንዲያሟሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እንግዲህ ያ የጎረቤት ቤት ከሕግ ውጭ ነው ማለት አይቻልም። የጎደለው ከሕጉ እስከ በሩ ያለው መንገድ ነው።

ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱበትም ቢሆኑ ተሰናክለውበታል። የእንግሊዝ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በቤታቸው በክፍያ ልጅ የሚጠብቁ ሴቶች እንዲመዘገቡና ቤታቸው እንዲታይ ሕግ አወጣ። ሕጉ ወጣ፣ መዝገቡም ተከፈተ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ግን አልተመዘገቡም። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ብራያን ጃክሰን የተባለ አጥኚ ጎሕ ሲቀድ በመንገድ ቆሞ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች የሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን ወዴት እንደሚያደርሱ ይመለከት ነበር። በመዝገብ የሌሉትን ቤቶች ያገኛቸው በዚህ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው መስመር ያቀረብሁላችሁን ልመና ከማን እንደ ተማርሁት አሁን ገባችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ። ተማሪ የሆናችሁ ነገ፣ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ምናልባት ዛሬ፣ ቅጽ ይዛችሁ በዚያ በር ላይ ትቆሙ ይሆናል። እንዴት ታንኳኩታላችሁ?

አንዱ ሰው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ይመጣና እናቱ የምትሆነውን ሴት በአንቺታ «ፈቃድ አለሽ?» ይላታል። የሚቀጥለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ኸረ ጌታዬ፣ የእኅቴ ልጆች ናቸው» ትላለች። በማግሥቱ ልጆቹ ከጓዳ ይገባሉ፣ በሩም ቀን ለቀን ይዘጋል፤ ከሰሉ ግን እዚያው ነው። ሰውየው ወደ ቢሮው ተመልሶ በሠፈሩ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ማቆያ እንደሌለ በሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱም በቍጥር ረገድ ትክክል ነው!

ሌላው ሰው እንዲህ ያደርጋል።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ፣ አረፍ በል። ቡና ላፍላልህ?»

«ቡናውን ሌላ ቀን እጠጣለሁ። ዛሬ ቤቱን እንደ ልጆቹ ሆኜ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ በወለሉ ላይ መሄድ ይጀምራል። ሴትዮዋ ትደነግጣለች። «ምን ጣልህ፣ ልጄ?» ትለዋለች። እርሱ ከአልጋው ሥር ጠርሙሱን አውጥቶ ያሳያታል።

«እሱ እኮ በረኪና ነው፤ ልጆቹ አይነኩትም።»

«እኔ ስድህ ነካሁት፣ እማማ።»

ቡናውን ለምን አቆየው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ቡና መጠጣት ነውር አይደለም። ነገር ግን ቡናው እስኪፈላ ቅጹ ራሱን በራሱ ሞልቶ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ከቡናው ቀጥሎም የዶሮና የቅቤ ነገር ይመጣል። በዚህ ቍጥጥር የሚሸጠው ፊርማ ደግሞ ሌላ ፊርማ አይደለም።

ተንበርክኮ የሚያየውም ቢሆን ሁሉን አያይም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አታለልኋችሁ ማለት ነው። በመስከረም 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፈቃድ አግኝቶ በሚሠራ ማቆያ አንድ ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ ፈንታኒል በተባለ አደገኛ መድኃኒት ሞተ፤ ሌሎች ሕፃናትም ታመሙ። ፖሊሶች መርዙን ያገኙት ሕፃናቱ ይጫወቱበት ከነበረው ወለል ሥር ተደብቆ ነው። ተቆጣጣሪዎች ከአደጋው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ሳይጠሩ መጥተው ቤቱን አይተው ነበር፤ ጉድለት አላገኙበትም። ክፉ ሰው ከሕግ ሊደበቅ ይችላል። የእኛ ጎረቤቶች ግን አብዛኛዎቹ የሚደብቁት ድህነታቸውን ነው፤ እርሱንም ለማየት ወለል መፈንቀል አያስፈልግም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ጠይቆ ማባረር አይጠቅምም ባይ ነኝ። በከተማ ለተሠራ ሰፊ ማቆያ የተጻፈ ዝርዝር በአንበሳሜ የጭቃ ቤት ላይ ቢነበብ አንድም ቤት አያልፍም። ደቡብ አፍሪካ በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀመረችው የምዝገባ ዘመቻ ማቆያዎችን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ ከፍላለች፤ ትንሹን ያሟላ በነሐስ ይጀምራል፣ ቀሪውን እየሠራ ይወጣል። እኛ ደግሞ ከዚህ የሚሻል መነሻ አለን። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሴቶችን አሠልጥኖ ቤት ለቤት አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች ጓዳ ድረስ ሲገቡ የሚደነግጥ የለም። ባልዲውን ክደኚው፣ ከሰሉን ከደጅ አንድጂው፣ አጎበሩን ዘርጊው ለማለት ከእነርሱ የሚቀርብ ማን አለ? አዲስ መሥሪያ ቤት ከማቋቋም በፊት ይህን ማየት ይገባል፤ ሸክማቸው አስቀድሞም ብዙ ስለሆነ ግን በደመወዛቸው ላይ የሚጨመር ነገር መኖር አለበት።

የማልደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ውሃው፣ እሳቱ፣ መርዙ፣ የልጆቹ ቍጥር። ቀለሙና መጫወቻው ይቆይ። የሚቀጥለው ጕብኝት ቀን ግን አይነገር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሻሻለው ሕግም ፈቃድ ያለው ማቆያ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይነገረው እንዲታይ፣ የተገኘውም ነገር ለሕዝብ እንዲገለጥ ያዝዛል። ለሕዝብ መገለጡ ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል።

ያ ተንበርክኮ ያየው ወጣት በሦስተኛው ሳምንት ሳይጠራ ተመልሶ መጣ እንበል። በረኪናው ከቆጡ ላይ ወጥቷል፤ ባልዲው ተከድኗል፤ ልጆቹ ግን ስድስት ነበሩ፣ አሁን ሰባት ሆነዋል። ይህንኑ በሁለት ቅጅ ጻፈው። አንዱን ለቢሮው ያዘ፤ ሁለተኛውን በበሩ የውስጥ ገጽ፣ በሰው ዓይን ትክክል፣ በሚስማር መታው። በማግሥቱ ጧት መምህርቷ ልጇን አስረክባ ልትወጣ ስትል ወረቀቱን አየችና ቆማ ማንበብ ጀመረች።