ሙዚቃችንን ቡዳ አልበላውም

ሰሞኑን ሲግናል፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ሸክላ ተሸጠ። ሻጯ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ገዢው ደግሞ እያንዳንዷን ሸክላ በስልኩ ዋጋ እያየ የሚመርጥ አንድ ወጣት። እኔ የደረስኩት ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማጫወቻው ከተበላሸ ሃያ ዓመት አለፈው። ድስት ልክደንበት?»

መልስ አልነበረኝም። ወሬውን ለጓደኞቼ ሳካፍል ግን ሁሉም መልስ ነበራቸው፤ ያውም አንድ ዓይነት። «ዘረፉን!» «ፈረንጅ ቅርሳችንን ጨረሰው!» «ይሄ ደላላ መታሰር አለበት!» ከተናገሩት ውስጥ አንዱም ቤቱ ሸክላ ማጫወቻ የለውም። አንዱም በሕይወቱ አንድ የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ከዳር እስከ ዳር አላዳመጠም። ንዴታቸው ግን ከልብ ነው፤ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ንብረቱ።

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህ ንዴት ጋር ጠብ አለው።

መጀመሪያ የምንጮህለትን ነገር መጠኑን እንወቅ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች የተቀረጹት ጀርመን አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ግድም፣ በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ። ከዚያ ስልሳ ዓመት አለፈ። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት፣ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ በ1969 ይህን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ዛሬ «የንጉሡ ዘመን ቅርስ» እያልን የምናለቅስለት ነገር ሲወለድ ሕገ ወጥ ነበር ማለት ነው። ፋብሪካም አልነበረንም። አዲስ አበባ የተቀዳው ቴፕ ህንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እየተላከ፣ ታትሞ በካርቶን ይመለስ ነበር።

አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽና አሥራ ሁለት ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ተከተለ፤ ፊሊፕስም የራሱን አሳተመ። ከ1969 እስከ 1978 በነበሩት ዓመታት የወጣው ሁሉ ሲደመር 500 ገደማ ባለ 45 ዙርና 30 ገደማ ባለ 33 ዙር ሸክላ ነው። ይኸው ነው። ወርቃማው ዘመን የምንለው፣ በየሠርጉ የምንጨፍርበት፣ በየፌስቡኩ የምናዝንለት፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብንይዝ በአንድ ቁም ሣጥን ይገባል።

የጠፋብን አክሱም አይደለም። አንድ ቁም ሣጥን ነው የጠፋብን።

ማን አጠፋው? ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን ገደላቸው፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ይህ እውነት ነው። ግን ደርግ ቤት ለቤት እየዞረ ሸክላ አልሰበረም። ካሴት ሲመጣ ሸክላውን አልጋ ሥር የከተትነው እኛ ነን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አጋድመን ደራርበን ፀሐይ ያጎበጠው እኛ ነን። (ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል እንጂ እንደ እንጀራ አይደራረብም።) በደነዘ መርፌ እያጫወትን ጭረቱን ያረስነውም እኛው ነን። ስሙን ሸክላ ብለነዋልና እንደ ሸክላ ያዝነው።

አሁን ወደ «ዘራፊው» እንምጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የመሐሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተነካ። በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ክራምድ በተባለ አሳታሚ እንዲወጣ አደረገ። በ1997 ደግሞ ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ጀመረ፤ ከሸክላዎቹ አሳታሚዎች ከነአምሃ ጋር ተዋውሎ። በ1998 የወጣው አራተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። አሳታሚው ድርጅት ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቡዳ። ቡዳ ሙዚክ። «ሙዚቃችንን ቡዳ በላው» ለሚል ሰው ከዚህ የተመቸ ስም አይገኝም።

ግን የቡዳን ነገር እስከ መጨረሻው እናስበው። ፈረንሳይ ውስጥ የሚታተም ሙዚቃ ሁሉ አንድ ቅጂው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው እንዲገባ ሕጋቸው ያስገድዳል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሙዚቃ፣ ከነማብራሪያው ከነፎቶው፣ ፓሪስ ላይ በሕግ ተጠብቆ ተቀምጧል። አሁን አንድ የሲግናል ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በሉት፣ ሳክስፎን መማር የጀመረ፣ የጌታቸው መኩሪያን ሸክላ እንዳለ መስማት ፈለገ እንበል። ከቤቱ ተነሥቶ፣ በታክሲ ብር ብቻ፣ የት ሄዶ ይሰማል? ጥያቄዬ ይህች ናት። «ዘረፉን» የሚል ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይመልስልኝ።

«ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ» የሚል ይኖራል፤ ሁልጊዜም አለ። ዩቲዩብ ላይ ያለውን በደንብ እዩት። አብዛኛው ከኢትዮፒክስ ሲዲ የተገለበጠ ነው፤ ቀሪው አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰብሳቢ በራሱ ማጫወቻ ቀድቶ የጫነው። የሸክላው ጀርባ ገጽ ብዙ ጊዜ የለም። የአቀናባሪው ስም የለም። አንድ ኩባንያ መብት አለኝ ሲል ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ያ መዝገብ ቤት አይደለም፤ የሰው ቤት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ይበልጥ የሚጎዳው ጃዙ ነው። ዘፋኝ ያለበት ሸክላ ቢጠፋ ዜማው በሰው አፍ ይቀራል፤ ሌላ ይዘፍነዋል፣ በሠርግ ይነሣል። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ግን ቅጂው ከጠፋ ጠፋ። ጋሽ ሙላቱ በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን፣ በ1972 እዚያው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን፣ በ1974 ደግሞ አዲስ አበባ በአምሃ በኩል «የካቲት»ን ሲያወጣ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጃዝ ሐርመኒ ላይ እያስቀመጠ፣ ቪብራፎኑን ከኮንጋ ጋር እያነጋገረ፣ በዓለም ላይ ያልነበረ ነገር እየሠራ ነበር። እኛ ግን ግጥም ወዳድ ነን። «ዘፋኙ የት አለ?» ብለን ጠበቅን። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ላይ ሙዚቃውን ሲያስገባው ነው ብዙዎቻችን «የኛ ነው!» ብለን ብድግ ያልነው። ጃዝ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ከሆሊውድ ሰማን።

የኃይሉ መርጊያም ነገር ከዚህ አይለይም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 የሠሩት «ቼ በለው» ሸክላ በሰብሳቢዎች ገበያ ሺህ ዶላሮች ሲያወጣ፣ ሰውየው ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። ዋሽንግተን እኮ ነው፤ በየመንገዱ ሐበሻ ያለበት ከተማ። ፈልጎ ያገኘውና በ2013 ሥራውን እንደገና ያሳተመለት አንድ አሜሪካዊ ነው። ግርማ በየነም ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሮ፣ ለዓመታት እዚያው አገር ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ማንም አልጠየቀውም። ሙዚቀኞቹ ከውጭው ሽያጭ ተገቢ ድርሻ አግኝተዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ይጠየቅም። ግን ጠያቂው በመጀመሪያው ሽያጭ ጊዜ ስንት እንደከፈላቸውም አብሮ ይናገር።

የአገር ቤት ሰብሳቢዎችስ? አሉ፤ አንዳንዶቹ ለዚህ ነገር ዕድሜያቸውን የሰጡ ናቸው፤ እጅ እነሣለሁ። ሌሎቹ ግን ሰብሳቢ ሳይሆኑ ቆላፊ ናቸው። «ይህ ሸክላ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው» ማለት የሚያስደስታቸው፣ ቅዳልኝ ሲባሉ የሚቆጡ። እነሱ ጋ ያለ ሸክላና ቶኪዮ ያለ ሸክላ ለዚያ ለሲግናሉ ልጅ ልዩነት የለውም። ስለ አንዳንድ ካፌዎች ምንም ባልል ይሻላል፤ ሸክላ መሐሉን በሚስማር መትተው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ሥሩ ከድምፅ ማጉያ ሌላ ነገር ይለቃሉ። አንዱ ጋ ሰዓት ሆኖ አይቻለሁ። ሸክላው ቆሞ ደቂቃው ዞረ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ሙዚየም ይገንባ፣ ግብረ ኃይል ይቋቋም አልልም፤ ግብረ ኃይል ሲባል ሸክላው ራሱ ይደነግጣል። የምጠይቀው አንድ ክፍል ነው። አራት ኪሎ አብርሆት አለ፤ ወመዘክር አለ። ከሁለት አንዳቸው አንድ ክፍል ይስጡ፤ ሁለት ደህና ማጫወቻ፣ አዲስ መርፌ፣ ጥቂት የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ። ሸክላ ያለው ሰው ያመጣል፤ ባለሙያው አጥቦ ይቀዳዋል፤ የመሐሉ ክብ ወረቀት በሁለቱም ገጽ ፎቶ ይነሣል፤ ሸክላው ለባለቤቱ ይመለሳል። ቅጂው ይቀራል፤ የፈለገ ገብቶ ይሰማል። ሺህ ገደማ ገጽ ቢሆን ነው፤ በቀን አምስት ቢቀዳ ከዓመት ብዙም አያልፍም።

«የቅጂ መብትስ?» ለሚሉ፦ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቡት። ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ ቅጂ እንዲያደርጉ በር ይከፍታል። የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብትም በአዋጁ 50 ዓመት ነው፤ ከ1969 ስንቆጥር የት እንደደረስን አስሉት። የደራሲውና የዜማ ደራሲው መብት ከዚህ ይረዝማል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ይሰማ እንጂ አይሸጥ። እንቅፋቱ ሕጉ አይደለም።

ሸክላ የምትሸጡ ሰዎችም መሸጣችሁን አልነቅፍም። ጎረቤቴ በዚያ ብር የቤታቸውን ጣሪያ ሊያድሱ ነው፤ የሚፈስ ጣሪያ ሥር ያሉ ባልቴት ስለ ቅርስ ንግግር ልሰጣቸው አልችልም። ሽጡ። ግን ከመሸጣችሁ በፊት አስቀዱት፤ ማስቀዳት ባትችሉ ቢያንስ የሁለቱንም ገጽ ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ደላላውንም አትስደቡት፤ በዚህ ሰፈር ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ያነበበው እሱ ብቻ ነው።

ከሻንጣው አንዲት ሸክላ ተርፋለች። ገዢው ጭረቷን አይቶ መለሳት፤ እትዬም «እንካ፣ አንተ እንደሆንክ ትወዳለህ» ብለው ሰጡኝ። ወረቀቷ ተልጦ የሚነበበው ግማሹ ነው፤ ስመለከታት ዘፋኝ ያላት አትመስልም። ሳክስፎኑን ማን እንደሚነፋው ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔም እንደተቀራችሁት ማጫወቻ የለኝም። ሲግናል፣ ሾላ ወይም መገናኛ አካባቢ የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናውን እኔ እይዛለሁ፤ ከታች ጻፉልኝ።