መዶሻውን ለጊዜው ያስቀምጡልኝ



አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር እንዳለዎት፣ ካልሆነም የጎረቤትዎን ለማገዝ እጅጌዎን እንደሰበሰቡ ገምቼ ነው የምጽፍልዎ። ቤላሩስን የመረጥኩት በደርግ ዘመን ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ላይ ይገጣጠም ስለነበር ብዙዎቻችን ስለምናውቀው ነው። የኋላ ጎማው ሞዞ ከአክስሉ አልላቀቅ ብሏል። ምናልባት ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል፤ ምናልባትም ለመስመር ሰብል የጎማዎቹን ስፋት መቀየር ፈልገዋል። ዓይንዎ ግን ከወዲሁ ጥግ ላይ ወደቆመው ትልቁ መዶሻ ሄዷል። እባክዎ፣ እዚያው ይቆይልኝ።

«ዝገት አይደል? ዝገትን የሚያሸንፈው ጉልበት ነው» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በሞዞውና በአክስሉ መካከል ያለችው ክፍተት ደግሞ እጅግ ጠባብ ናት። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ውሃ እንደጠጣ ባቄላ ያብጥና መውጫ ያጣል። የአክስሉን ጫፍ በመዶሻ ሲመቱ ምቱ በቀጥታ የሚደርሰው ውስጥ ወዳሉት ኩሽኔታዎችና ጥርሶች ነው። ሞዞውን ከመቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የብዙ አሮጌ ትራክተሮች ሞዞ ጊዛ ነው፤ ጊዛ ከባድ ጭነት ይችላል፣ ድንገተኛ ምት ሲበዛበት ግን ይሰነጠቃል።

«ቡሎኖቹን እኮ ፈትቻለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። በዚህ ትራክተር ላይ ሞዞው አክስሉን የሚጨብጠው ለብቻው በተሠራ ማጥበቂያ ነው፤ አራት ቡሎኖች ያጠብቁታል። ቡሎኖቹ ቢላሉም ማጥበቂያው ራሱ ለዓመታት ከተቀመጠበት አይነሣም። ብዙ ሰው የሚታገለው ከዝገቱ ጋር ይመስለዋል፤ የሚታገለው ግን ገና ካልለቀቀው ማጥበቂያ ጋር ነው። ቡሎኖቹን ከሦስት እስከ አምስት ዙር ብቻ ያላሉ፣ ጨርሰው አያውጧቸው፤ ከዚያ ማጥበቂያው ሲነቃነቅ እስኪያዩ ድረስ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ደጋግመው ይምቱት። አጠገቡ ያለውን ጠምዛዛ ጥርስም አደራ! ጥርሱ አክስሉ ላይ ከተቀረጹት ጥርሶች ጋር ይያያዛል፤ ሥራው የተላቀቀ ሞዞን ማንሸራተት ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው ሲያስገድዱት ጥርሱ ይበላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከሞዞው ወደ ውጭ ተርፎ የሚታየውን የአክስል ጫፍ ይመልከቱልኝ። ጭቃ፣ አሮጌ ቀለም፣ የዝገት ቅርፊት አለበት። «እሱ ምን አደረገ? የያዘው እኮ ውስጥ ያለው ነው» አይበሉኝ። ሞዞው ሲወጣ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነው፤ አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቅሶ እንደገና ከሚነክስ ሞዞ የበለጠ ሰው የሚያበሳጭ ነገር የለም። በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱት፣ ዘይትም ይቀቡት። በጣም አሰልቺ ሥራ ነው። ግን አይዝለሉት።

«ደብሊው ዲ 40 ነፋሁበት፣ ምንም አልሆነም» ላሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የተሠራው ከብረት ላይ ውሃ ለማባረር ነበር። ለእንዲህ ያለ ዝገት የሚሻለው ሰርጎ እንዲገባ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሞዞው ክፍተት ወደ ላይ እንዲሆን ጎማውን ያዙሩት፣ ማታ ያጠጡት፣ ጠዋት ዙሪያውን ቀስ አድርገው መትተው እንደገና ያጠጡት። ለቀናት ይደጋግሙት። «ዝናብ እየመጣ ነው» የሚሉኝ ከሆነ መልሴ አንድ ነው፤ ይህ ሥራ የበጋ ነው። ግንቦት ላይ የጀመረው ሰው መጨረሻው መዶሻ ነው።

እሳቱስ? እሳት ይረዳል። 75 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሞዞ ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚሰፋው ከ0.1 ሚሊሜትር ትንሽ ባነሰ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የዝገቱን መያዣ ለመስበር ግን ሊበቃ ይችላል፣ ያውም አክስሉ አብሮ ካልሞቀ ነው። ስለዚህ በጋዝ ብየዳው እሳት ሞዞውን ብቻ፣ ዙሪያውን እኩል፣ ፈጠን ብለው ያሙቁት። ከጋለ በኋላ ውሃ አይድፉበት፤ ጊዛ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ዘይት የተቀባ ብረት ላይ እሳት እንደሚነሣም አይርሱ፤ አስቀድመው ይጥረጉት።

አሁን የምለውን ግን እለምንዎታለሁ። ጎማው ቸርኬው ላይ እያለ በፍጹም እሳት አያስጠጉ! የጋለ ጎማ ውስጡ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል፤ አየሩ ወጥቶለት እንኳ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሰውም ይገድላል። ጎማውን ከነቸርኬው ከሞዞው ፈትተው ያርቁ። ትራክተሩ ከሦስት ቶን በላይ ስለሆነ ክሪክ ብቻውን አያምኑ፤ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። ክብደት እንዲጨምር ጎማው ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይሞክር። ረዳትዎ ልጅ ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ አያቁሙት።

ሞዞውን የሚያወጣው የተረጋጋ ስበት ነው። በሞዞው ቡሎን ቀዳዳዎች ወፍራም ብረት አስረው፣ የአክስሉን ጫፍ በሃይድሮሊክ ክሪክ እየገፉ ስበቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ጠንክሮ ሲወጠር የሞዞውን ጎን በትንሽ መዶሻ ደጋግመው ይምቱ። ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም፤ ሲለቅ በድንገት ነው።

«ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ቢለኝስ?» እንግዲያው ይቁረጡት፤ የሚቆረጠው ግን ሞዞው ይሁን፣ አክስሉ አይነካ። ሞዞ በሌላ ይተካል፤ አክስል ለመተካት ግን የኋላውን ክፍል መክፈት ግድ ነው።

ሲመልሱት ሁሉንም አጽድተው ይግጠሙት፤ ቡሎኖቹንም በየተራ እኩል ያጥብቁ። ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይፈትሿቸው፤ ሲጠብቁ ያልተሰማዎት ልቅነት ያኔ ይታያል።