ለተሳቢ ቤት ሻወር ቆርቆሮ አይሆንም

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ተሳቢ ቤት ገዝቶ በገዛ እጅ ማደስ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄደው ይህ ቤት አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን በጠባብ ቦታ አጭቆ ይይዛል። አዳሾች ቶሎ መዶሻ ከሚያነሱባቸው ክፍሎች አንዱ መታጠቢያ ቤቱ ነው። በብዙዎቹ ተሳቢዎች ግድግዳው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ የፕላስቲክ ወረቀት ነው። መጋጠሚያው አንድ ቦታ ከተላቀቀ ውሃ ይገባል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ በመጨረሻም በጣት ሲጫኑት ሻይ ውስጥ እንደቆየ ብስኩት ይፈረፈራል።

ይህን ያየ ሰው ወደ ብረት ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ብረት አይሻግትም። በብረት የታደሰ ሻወር ፎቶ ደግሞ ልብ ይሰርቃል፦ ከድሮ የእርሻ ጎተራ ጣሪያ የተነቀለ ሸንተረራማ ቆርቆሮ፣ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ የመዳብ ቧንቧ። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚያው ፎቶው ላይ ነው።

ሸንተረራማውን ብረት በ1829 በስሙ ያስመዘገበው የለንደን ወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው። ብረትን ቀልጦ በተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 አስመዘገበ። ሁለቱ ሲጣመሩ ዓለምን ያዳረሰው የቤት ክዳን ተገኘ። ክዳን ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ያልፋል፣ ከዚያ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል። ዚንክ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አየር እያገኘ ሲደርቅ ላዩ ላይ ጠንካራ መከላከያ ያበጃል። ውሃ ከታቆረበትና አየር ካጣ ግን ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። ሻወር ውስጥ ደግሞ የቆርቆሮው የታችኛው ጠርዝና መደራረቢያው ከእርጥበት አይላቀቁም። ከመዳብ ቧንቧ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ውሃው ይዞት የሚወርደው ጥቂት መዳብ ዚንኩን ይበላዋል። ከጎተራ የመጣው ቆርቆሮ ቀለም ከተቀባም ሌላ ጣጣ አለው፤ አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፣ ከዚያ በፊት የተቀባውን ሳያስመረምሩ መፋቅ አደገኛ ነው።

ስለዚህ አሉሚኒየም ይሻላል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ዋሊ ባያም በ1936 ኤርስትሪም ክሊፐር የተባለውን ተሳቢ ለገበያ ሲያቀርብ አካሉ በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ኦክላሆማ፣ ተልሳ የነበረው የስፓርታን አውሮፕላን ፋብሪካ የአውሮፕላን ላሜራ አሠራሩን ይዞ ወደ ተሳቢ ቤት ዞሯል።

ምክንያቱ ሚዛን ላይ ይታያል። ስድስት ካሬ ሜትር የሻወር ግድግዳ 0.55 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የብረት ላሜራ ቢለበስ ወደ 26 ኪሎ ይመዝናል። 0.8 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ግን 13 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያውም ወፍሮ። 13 ኪሎ ልዩነት ብቻውን ተሳቢ አይገለብጥም፤ እውነት ለመናገር ከአንድ ሻንጣ አይበልጥም። ነገር ግን በብዙ ተሳቢዎች መታጠቢያው የሚገኘው ከኋላ ነው። ከኋላ የተጨመረ ክብደት መጎተቻው ላይ የሚያርፈውን ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ካነሰ ተሳቢው አውራ ጎዳና ላይ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል።

ሲገዙ ውፍረቱን በሚሊሜትር መጠየቅ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላይ ባለ 28 እና ባለ 35 ቆርቆሮ የገዛ ሰው ቁጥሩ (ጌጁ) ሲጨምር ላሜራው እንደሚሳሳ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የብረትና የአሉሚኒየም ጌጅ አንድ አለመሆኑን ነው፤ ባለ 20 ብረት 0.91 ሚሊሜትር ሲሆን ባለ 20 አሉሚኒየም 0.81 ነው።

ላሜራው ተመርጦ ሲያበቃ እውነተኛው ጠላት ብሎኑ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተነካክቶ ሲረጥብ አንዱ ይበላልና። የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የመዳብ ቆዳዋን ከውስጥ የያዙት የብረት ዘንጎች ከመዳቡ ጋር እንዳይነካኩ በሁለቱ መካከል የተደረገው ልባስ አርጅቶ አለቀ፤ እርጥበት ሲገባ ብረቱ ዛገ፣ አበጠ፣ ሪቬቶቹንም ነቃቀለ። ለመቶኛ ዓመቷ በ1986 ስትታደስ ዘንጎቹ በማይዝግ ብረት ተተክተው በመሐል ቴፍሎን ተደረገ። ሳሙና ያለበት የሻወር ውሃም ያንኑ ሥራ በትንሹ ይሠራል። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ሪቬት ይያዝ፤ ካልተገኘ የማይዝግ ብሎን ከጎማ ቀለበት ጋር። ተራ የብረት ብሎን አይነካው።

ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ቢል ደግ ነው። ሁለት ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ በክረምት ብርድና በበጋ ሐሩር መካከል፣ የ40 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ ይንጋደዳል። መጋጠሚያ የሚደፈንበት ሲሊከንም ይለያያል። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ስለሚያወጣ ብረትን፣ በተለይ ዚንክን፣ ይጎዳል። ማሸጊያው ላይ ገለልተኛ የሚል የተጻፈበት ይገዛ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጋጠሚያውን መቀነስ ነው፦ 0.8 ሚሊሜትር ላሜራ በክብ እንጨት ላይ ተደግፎ በእጅ ስለሚታጠፍ ማዕዘኑን ሳይቆረጥ ይዞራል። የተለመደው ሉሕ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ የመታጠቢያው በርና ክፍልፋይ ከመገጠማቸው በፊት ይግባ፤ ከዚያ በኋላ በጠባቡ መተላለፊያ አዙሮ ማስገባት ጭንቅ ነው።

ስቴንለስ ስቲልስ? ገንዘብ ላለው መልካም ነው፣ ግን ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በረኪና የሚወድ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ክሎሪኑ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣበታል። ቆርቆሮውን በጣም የወደደ ሰው ውሃ የማይደርስበት የመኝታው ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ከሻወሩ በሚተርፈው ገንዘብ ለጣሪያው የአየር ማስወጫ ይግዛ፤ ብርድ ያገኘው ላሜራ ጀርባ ላይ እንፋሎት ውሃ ሆኖ እንጨቱን ከኋላ የሚያበሰብሰው ያ ማስወጫ ሲጠፋ ነውና።