የኩርባ ዳኛ ዓይን ብቻ አይደለም

በኰምፒዩተር ንድፍ የሚያወጡ ወጣቶች ኩርባው በስክሪኑ ላይ ለስላሳ መስሎ ከታያቸው ሥራው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቀጥተኛ መስመርና የክብ ቁራጭ ማዕዘን ሳይፈጥሩ ቢጋጠሙም፣ የመጕበጡ መጠን ከ0 ተነሥቶ በድንገት ይዘላል። ዓይን ይህን ያልፈዋል፤ በተወለወለ የመኪና በር ላይ ግን የብርሃኑ ነጸብራቅ እዚያው ተሰብሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮየን፣ ጥቂት ቆይቶም ፒየር ቤዚዬ በሬኖ የኩርባን ስሌት ያበጁት ለዚሁ ለመኪና አካል ነበር። እንግዲህ ነዳፊው የመጕበጡን መጠን በማበጠሪያ ጥርስ አምሳል የሚያሳየውን ሥዕል ከፍቶ ይመርምር። ጥርሶቹ ቀስ በቀስ ሊረዝሙና ሊያጥሩ ይገባል። የሚወዛወዙ ቢሆን መሪ ነጥቦችን መቀነስ ነው እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚወዱት፣ መጨመር አይደለም። ቆርቆሮው የሚታተምበት ብረት ከተቈረጠ ወዲያ፣ ንድፉን የፈረመው ሰው «ለዓይኔ መልካም ነበር» ቢል የሚሰማው የለም።